አሮጌ የናፍጣ ላንድክሩዘር ከመግዛታችሁ በፊት፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ ስለ አሮጌ የናፍጣ መኪና የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። አንዱ ደባርቅ ሱቅ ከፍቷል። ሌላው መተማ የሰሊጥ መሬት ተከራይቷል። ሌላዋ ጃናሞራ ያሉ ቤተሰቦቿን በየበዓሉ መጠየቅ ትፈልጋለች። ሁሉም የሚጀምሩት "የትኛው ሞዴል ይሻላል?" ብለው ነው። እኔም በዚሁ ጥያቄ ጀምሬ ከስሬያለሁ። ሞዴሉን አይቼ ሞተሩን ሳላይ ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ከመካኒኮች ጋር ቆሜ የተማርኩትን እዚህ አስቀምጫለሁ። ላንድክሩዘር የምለው በእኛ አገር እሱ ስለሚበዛ ነው። አብዛኛው ነገር ለፓትሮልም፣ ለፓጄሮም፣ ለላንድሮቨርም ይሠራል።

አሮጌ የናፍጣ መኪና መግዛት አሁን ያዋጣል ወይ?

መኪናዋ በምትውልበት ቦታ ይወሰናል። ሥራችሁ ከፒያሳ አዘዞ፣ ከማራኪ አራዳ ከሆነ ተዉት። በአጭር የከተማ መንገድ የናፍጣ ሞተር በወጉ ሳይሞቅ ይጠፋል። ጥላሸት ይሰበስባል። ጎማው፣ ዘይቱ፣ ሰርቪሱ ሁሉ ከትንሽ መኪና ይበልጣል። ኮረኮንች፣ ጭቃ፣ ዳገትና ጭነት ካለባችሁ ግን ሌላ ምርጫ ብዙም የላችሁም።

ዋጋውን በተመለከተ ይወርዳል ብላችሁ አትጠብቁ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት በጣም አስወደደ። በጥር 2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋም ተከትሎ ወጣ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እንደ ወርቅ ተይዟል። ይህ ለሻጩ ጥሩ ነው። ለገዢው ግን አደጋ አለው። ስሙ ብቻ የቀረ፣ ሞተሩ ያለቀ መኪናም በስሙ ዋጋ ይሸጣል። የምትገዙት የሞተሩን ቀሪ ዕድሜ መሆኑን አትርሱ።

የትኛው ሞተር ነው የሚታመነው?

መጀመሪያ የሞተሩን ስም እወቁ። ቶዮታ በመኪናው መለያ ሰሌዳ ላይ የሞዴል ኮድ ይጽፋል። ኮዱ ኤችዜድጄ ብሎ ከጀመረ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የያዘው ሞተር 1ኤችዜድ ነው። ኤችዲጄ ካለ ቱርቦው 1ኤችዲ ነው። ኬዜድጄ ካለ 1ኬዜድ፣ ኬዲጄ ካለ 1ኬዲ ነው። ይህን ሦስት ፊደል ማንበብ የቻለ ገዢ ደላላ በቀላሉ አያታልለውም።

1ኤችዜድን በጣም እወደዋለሁ። ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራ፣ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ነው። የናፍጣ ፖምፓው ሜካኒካል ነው። ናፍጣ ከምታቋርጠው ሽቦ በስተቀር ለመሥራት ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ኮምፒውተር የለውም። ደባርቅም፣ አይከልም፣ መንገድ ዳርም ያለ መካኒክ ይፈታዋል። ቀስ ይላል፤ ግን ይደርሳል። ድክመቱ የታይሚንግ ቺንጋው፣ ማለትም ቫልቮቹን ከፒስቶኖቹ ጋር አስማምቶ የሚያዞረው ቺንጋ ነው። በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየር አለበት። ካልተቀየረና ከተበጠሰ ሞተሩን ይጎዳል። ጊዜው ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ ቲ-ቤልት የሚል መብራት ይበራል። አንዳንድ ሻጭ አምፖሏን ነቅሎ ይገላገላታል። ቁልፉን ስትከፍቱ ከሌሎቹ መብራቶች ጋር አብራ ለአፍታ ካልበራች ጠይቁ።

በድሮው 60 ሲሪስ ላይ ያለው 2ኤች 4 ሊትር ነው። ታይሚንጉ በጥርስ ስለሚዞር የሚበጠስ ቺንጋ የለውም። ዕድሜው ግን ገፍቷል፤ መኪናውን ከነሻንሲው እዩት።

ጉልበት የምትፈልጉ ወደ 1ኤችዲ ትሄዳላችሁ። ጎበዝ ሞተር ነው። የመጀመሪያዎቹ ግን የኮኔክቲንግ ሮድ ብሮንዚናቸው፣ ማለትም የፒስቶኑ ዘንግ የሚዞርበት ስስ የብረት ሽፋን፣ ቶሎ ያልቃል። ከ1990 እስከ 1995 ገደማ የተሠራ ካገኛችሁ ብሮንዚናው መቀየሩን በደረሰኝ ወይም ዘይት መያዣውን በማውረድ አረጋግጡ። ካለቀ በኋላ መንገድ ላይ ሮድ ቢወረውር ሞተሩ አይጠገንም።

የኒሳን ፓትሮል ቲዲ42 ደግሞ ከ1ኤችዜድ የሚተናነስ አይደለም። 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ በጥርስ የሚዞር ታይሚንግ። አንዳንዴ ከላንድክሩዘር ረከስ ብሎ ይገኛል። በ3 ሊትሩ ዜድዲ30 አትቀይሩት። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቶች ፒስቶን በማቃጠል የታወቁ ናቸው።

5ኤል የሚባለው የሃይሉክስ 3 ሊትር ሞተር ቱርቦ የለውም፤ ቀላልና ርካሽ ነው። ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ይደክማል። ለአንድ ቤተሰብ ግን ይበቃል።

ላንድሮቨርን በሁለት ቃል ልለፈው። 300ቲዲአይ ሞተሩ ጥሩ ነው። ዕቃ ፍለጋው ግን ትዕግስት ይጠይቃል።

3 ሊትር ቱርቦ ፕራዶ ረከስ ብላ አገኘሁ። ልግዛት?

ይህን ስሰማ ሆዴ ይረበሻል። እኔም የገባሁት በዚሁ በር ነው።

ፕራዶዋ ንጹህ ነበረች። ቀለሟ አልተነካም። ወንበሮቿ አዲስ ጨርቅ ለብሰዋል። ሞተሯ 1ኬዜድ ነው፤ ሲነሳ ድምፁ ልስልስ ያለ። ሻጩ "ውሃ አልፎ አልፎ ትፈልጋለች እንጂ ምንም የላትም" አለኝ። ያችን ቃል እንደ ቀላል አለፍኳት።

ደባርቅ ድረስ ምንም አላለችም። ሊማሊሞን ወርደን አዲ አርቃይ አደርን። በማግስቱ ስንመለስ ዳገቱ አጋማሽ ላይ የሙቀት መርፌው ከመሃል ተነሳና ወደ ቀዩ ሄደ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ኮፈኑን ስከፍት የላይኛው የራዲያተር ጎማ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ትርፍ ውሃ ያለበት ፕላስቲክ ውስጥ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እንኳ ለትንሽ ጊዜ ይሰማ ነበር። ጎንደር የገባችው በጭነት መኪና ተጭና ነው።

ጋራዥ ውስጥ ቴስታታው፣ ማለትም ከሲሊንደሮቹ በላይ ያለው የሞተሩ ክፍል፣ ሲወርድ በሁለት ቫልቮች መካከል ስንጥቅ ነበረ። እንደ ፀጉር የቀጠነ። መካኒኩ ጥፍሩን በላዩ ሲያሳልፍ ጥፍሩ ትንሽ ያዝ አደረገው። "ይህ የትናንት አይደለም" አለኝ። ሻጩ "ውሃ ትፈልጋለች" ያለኝ ለካ ይህን ነበር።

1ኬዜድ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። አንድ ጊዜ ክፉኛ ከሞቀ ይታጠፋል ወይም ይሰነጠቃል። ሙቀቱ በጊዜ ከተጠበቀ ግን ብዙ ዓመት ይሄዳል። ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፦ ራዲያተሩ አዲስ ወይም የታጠበ ከሆነ፣ ውሃ የማይጎድል ከሆነ፣ ከታች የምጽፈውን የጠዋት ፍተሻ ካለፈችና ከዋጋው ላይ የአንድ ቴስታታ ወጪ ካስቀነሳችሁ ግዟት። አንዱ ከጎደለ ይቅርባችሁ።

ከእሷ ቀጥሎ የመጣው ዲፎርዲ፣ ማለትም 1ኬዲ፣ ሌላ ጠባይ አለው። ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት በኮምፒውተር የሚረጭ ነው። ጉልበቱም ፍጆታውም ደስ ይላል። ኢንጀክተሮቹ ግን ንጹህ ናፍጣ ይፈልጋሉ። ከኢንጀክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ዋሸር ማፍሰስ ከጀመረች ጥላሸት ወደ ዘይቱ ይገባና የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል። ሞተሩ በዘይት እጦት ያልቃል። ፒስቶን የሰነጠቁም አሉ። በበርሜል ናፍጣ ለሚሠራ ሰው አልመክረውም።

የጎንደር ከፍታ ለሞተሩ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያነሰ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ያንሳል። 130 የፈረስ ጉልበት ያህል አለው የሚባለው 1ኤችዜድ እኛ ጋ 100 ገደማ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ኮሶዬ ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ብትወጡ ሞተሩ ታመመ ማለት አይደለም። ጭነት ይዞ ሲወጣ ትንሽ ጥቁር ጭስ ቢያሳይም እንዲሁ። አንዳንዱ የናፍጣ ፖምፓ ከፍታን የሚያስተካክል ዕቃ አለው፤ እሱ ካልሠራ ጭሱ ይበዛል።

ሌላው ውሃው ነው። ውሃ እኛ ጋ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ደባርቅ ሲደርስ ወደ 90 ይወርዳል። ጨነቅ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ደጋ ላይ ባቄላ ቶሎ የማይበስለው በዚህ ምክንያት ነው፤ እናቶቻችን ያውቁታል። ሞተር ውስጥ ያለው ውሃ ከዚህ በላይ ሞቆ ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን አፍኖ ስለሚይዘው ነው። የክዳኗ ጎማ ካለቀ ሊማሊሞ ላይ ውሃው መፍላት በማይገባው ሙቀት ይፈላል። ስለዚህ መኪና ስትገዙ ክዳኗን ወዲያው ቀይሩ። ከሞተሩ ዋጋ አንጻር ምንም አይደለችም። ትኩስ ሞተር ላይ ግን በፍጹም አትክፈቷት። ፊታችሁን ታቃጥላለች።

መተማ የምትመላለሱ ደግሞ ሌላ ፈተና አለባችሁ። እዚያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል። በጎንደር ብርድ ልኩን የማይለቅ መርፌ ከመተማ ወደ አይከል ጭነት ይዞ ሲወጣ ራሱን ያሳያል። ጎንደር ላይ ብቻ የተነዳ የሙከራ ጉዞ ስለ ራዲያተሩ ግማሹን ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

ስንት ኪሎ ሜትር የሄደ ልግዛ?

የቆጣሪውን ቁጥር ብዙም አልሰማውም። ይመለሳል። 1ኤችዜድ በወጉ ዘይት ከተቀየረለት 400,000 ኪሎ ሜትር ሄዶም ብዙ ይቀረዋል። በ150,000 የሞተም አይቻለሁ። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ አልቆ ብረት ከታየ፣ መሪው ከተላጠ፣ የሹፌሩ ወንበር ከሰመጠ፣ ቆጣሪው ግን 120,000 ካለ ቆጣሪውን ተዉትና ፔዳሉን እመኑ።

የዘይት መቀየሪያ ወረቀት ወይም ደብተር ያለው ሻጭ ካገኛችሁ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን ከእሱ ግዙ።

መካኒክ ሳልይዝ ራሴ ምን ማየት እችላለሁ?

ብዙ። ዋናው ነገር ጠዋት መሄድ ነው፤ ሞተሩ ሳይነሳ። ለሻጩ "ሳልደርስ እንዳታስነሳ" ብላችሁ ደውሉ። ስትደርሱ ሰላምታ ከሰጣችሁ በኋላ ኮፈኑ ላይ እጃችሁን አሳርፉ። የጎንደር ጠዋት ቀዝቃዛ ስለሆነ ብረቱም መቀዝቀዝ አለበት። ለብ ካለ ቀደም ብሎ አስነስቶታል። ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚያ የላይኛውን የራዲያተር ጎማ ጨበጥ አድርጉ። ሌሊቱን ያደረ ሞተር ጎማው ልፍስፍስ ማለት አለበት። ጠንክሮ ካደረ ከሲሊንደሩ ግፊት ወደ ውሃው እየገባ ነው። ይህችን አንዲት ነገር ባውቅ ኖሮ ያቺን ፕራዶ አልገዛም ነበር።

ክዳኑን ክፈቱ፤ ቀዝቅዟልና ችግር የለም። ጣታችሁን ነከር አድርጉ። የዘይት ፊልም ካለ፣ ወይም ውሃው የዝገት ቀይ ከሆነ መጥፎ ነው። አረንጓዴ ወይም ቀይ አንቲፍሪዝ ቢሆን ይመረጣል። የዘይቱን መለኪያ ሳቡት። የናፍጣ ሞተር ዘይት መጥቆሩ ጤና ነው። እንደ ወተት ሻይ ከሆነ ግን ውሃ ገብቶበታል። ዘይቱ ከመጠን በላይ ወፍራም ሆኖ ከጣት የማይለቅ ከሆነ ድምፅና ጭስ ለመደበቅ ሆን ተብሎ የተጨመረ ሊሆን ይችላል።

አሁን ይነሳ። ጥሩ ሞተር ካንዴላው ከሞቀ በኋላ በአንድ ሁለት ዙር ይነሳል። ሲነሳ ትንሽ ነጭ ጭስ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቢያሳይ የጠዋት ብርድ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ሞተሩ ሞቆም ነጭ ጭስ ከቀጠለና ጣፈጥ ያለ ሽታ ካለው ውሃ እየተቃጠለ ነው።

ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትታችሁ ገልብጣችሁ ቀዳዳው ላይ ብቻ አስቀምጡት። በቦታው ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ደህና ነው። እየዘለለ ከወደቀ፣ ከቀዳዳውም ጭስ እንደ ምድጃ ከተንቦገቦገ፣ ሞተሩ ይተነፍሳል። ፋሻው፣ ማለትም የፒስቶኑ ቀለበት፣ አልቋል ማለት ነው። ማውረድ አይቀርለትም።

አንድ ቀን አዘዞ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ያሳዩኝን ደግሞ ልጨምር። ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ትልቅ ጎማ ፈቱና ሌባ ጣታቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ውስጡን ጠረጉ። ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ወጣ። "ልጄ፣ ይህ ሞተር አፈር በልቷል" አሉኝ። ከፊልትሮ በኋላ ያለ ጎማ ንጹህ መሆን አለበት። አቧራ ካለ ሲሊንደሩ እንደ አሸዋ ወረቀት ተፍቋል። ከዚያን ቀን ወዲህ ነጭ ጨርቅ ይዤ ነው የምሄደው። ከእርሻ ቦታ የመጣ መኪና ላይ ይህን ሳታደርጉ አትግዙ።

በመጨረሻ ንዱት። ከጎንደር በወለቃ በኩል ወደ ኮሶዬ የሚወጣው መንገድ በቂ ፈተና ነው። መርፌው መሃል ላይ መቆየት አለበት። ማርሽ ሲገባ ካምቢዮው መጮህ የለበትም። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጮህ መኪናው የማይፈጥን ከሆነ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። አንድ ጠጠር መንገድ ላይ ፎርዊሉን አስገቡና በዝቅተኛው ማርሽ ሞክሩ። አንዳንድ መኪና ፎርዊሉ ለዓመታት ስላልተነካ ይደርቃል።

መካኒኩስ ምን ይለካልኝ?

ኮምፕረሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን የሚያፍንበትን ግፊት፣ አስለኩ። ለዚህ ከፍላችሁ አትቆጩም። ስድስቱም ሲሊንደር ተቀራራቢ ቁጥር መስጠት አለባቸው። አምስቱ ጥሩ ሆነው አንዱ ከወረደ ችግሩ እዚያ ነው።

ነገር ግን ተጠንቀቁ። የፋብሪካው መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ወለል ነው። ጎንደር ላይ ጤነኛ ሞተርም አንድ አምስተኛ ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል። ይህን የማያውቅ ሰው ደህናውን ሞተር "አልቋል" ሊላችሁ ይችላል። ከመጽሐፉ ይልቅ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ አወዳድሩ።

መካኒኩን ራሳችሁ ምረጡት። ሻጩ ወይም ደላላው ባመጣው መካኒክ ላይ አትመኩ።

"ሞተሩ ወርዶ ተሠርቷል" ይሉኛል። ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?

ማን፣ መቼና በምን ዕቃ እንደሠራው ይወሰናል። በጥሩ ዕቃ ተሠርቶ 10,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ ሞተር ጨርሶ ካልተነካ አሮጌ ሞተር ይሻለኛል። "ትናንት ከጋራዥ ወጣ" የሚባለው ግን ያሳስበኛል። ለሽያጭ የተሠራ ሞተር ብዙ ጊዜ በርካሹ ይሠራል። የዕቃ ደረሰኝ ጠይቁ። ፒስቶኑ፣ ፋሻውና ብሮንዚናው የትኛው ምርት እንደሆነ ማወቅ መብታችሁ ነው። የሠራውን መካኒክ አግኙትና አነጋግሩት።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመና ለውጡ በመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ካልተመዘገበ ስም ማዛወር ላይ ትቸገራላችሁ።

ከድርጅት በጨረታ የወጣ ይሻላል ይባላል። እውነት ነው?

ብዙ ጊዜ አዎ። የሰርቪስ መዝገብ አላቸው። ሹፌሩም ይታወቃል። ነገር ግን ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና ወደ ግለሰብ ሲዛወር ቀረጡ መከፈል አለበት። ማን እንደሚከፍል በጨረታው ሰነድ ላይ አንብቡ። ካልተከፈለ "ርካሽ" ያላችሁት መኪና እጥፍ ሆኖ ይመጣል።

ለረጅም ጊዜ ቆሞ የነበረ ከሆነ ደግሞ የናፍጣ ታንኩን አስፈትሹ። ቆሞ የከረመ ናፍጣ ውሃና አተላ ይይዛል። ያ ወደ ፖምፓው ከገባ ፖምፓውን ይበላዋል።

1ኤችዜዱ ላይ ቱርቦ ላስገጥም?

አይሆንም። ሙቀቱ ስለሚጨምር ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ጉልበት ከፈለጋችሁ ከመጀመሪያው ቱርቦ ያለውን ግዙ።

በሊትር ስንት ይሄዳል?

1ኤችዜድ በሊትር ከ7 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ መሄጃው ብቻ 13 ወይም 14 ሊትር ነው። 5ኤል ከዚህ ይሻላል። በሊትር 12 ይሄዳል የሚላችሁን የትልቅ ሞተር ሻጭ አትመኑት።

ወረቀቱ ላይ ምን ልይ?

ሊብሬውን ከመኪናው ጋር አመሳክሩ። የሻንሲ ቁጥሩ በላንድክሩዘር ላይ ከፊት የቀኝ ጎማ አካባቢ ሻንሲው ብረት ላይ ተመትቷል። ጭቃውን ጠርጋችሁ በባትሪ አንብቡት። የተፋቀ ወይም የተበየደ ከመሰለ ምንም ሳትናገሩ ተመለሱ።

ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ መኪናው ከእዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን አረጋግጡ። ባንክ ይዞት ሊሆን ይችላል። የዓመቱ ቦሎ መለጠፉን እዩ። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛውም ትፈርም። ውሉ ውልና ማስረጃ ቀርቦ ይጽደቅ።

በውክልና ብቻ መኪና ይዛችሁ አትቀመጡ። በእኛ አገር በጣም የተለመደ ነው፤ ስም ማዛወሪያውን ለመሸሽ ሲባል። ውክልና የሰጠው ሰው ሊሽረው ይችላል። ቢሞት ደግሞ ውክልናው ያበቃል። ከዚያ ከወራሾች ጋር ነው ጉዳዩ።

ዋጋ እንዴት ልከራከር?

ያገኛችሁትን ጉድለት አንድ በአንድ ጻፉ። ከመለዋወጫ ሱቅ ዋጋ ጠይቁ። የጎንደር ሱቅ ከሌለው አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ደውሉ። ከዚያ ወረቀቱን ለሻጩ አሳዩት። "ትንሽ ቀንስልኝ" ከማለት "ቺንጋው፣ ፍሪሲዮኑና ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ይህን ያህል ይወስዱብኛል" ማለት ይሠራል። ጨዋ ሻጭ ይህን ይሰማል።

ቀብድ ከመካኒኩ ፍተሻ በፊት አትክፈሉ። "ሌላ ሰው እየመጣ ነው" ሁልጊዜ ይባላል። ይምጣ።

ገንዘባችሁን በሙሉ ለመኪናው አታውጡት። እኔ ቢያንስ ከአሥር አንድ እጁን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አስቀምጣለሁ።

ከገዛሁ በኋላ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ሻጩ "ትናንት ነው የተቀየረው" ቢልም ዘይቱን፣ የዘይትና የናፍጣ ፊልትሮውን ቀይሩ። የአየር ፊልትሮውንም። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ ቀይሩትና ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በወረቀት ጽፋችሁ ኮፈኑ ሥር ለጥፉ። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ራዲያተሩን አሳጥቡ። አንቲፍሪዝ ሙሉ። የቧንቧ ውሃ ብቻ የሚሞላበት መኪና ውስጡ ይዝጋል፤ ቀስ በቀስም መተላለፊያው ይደፈናል።

ናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን ትንሽ ማፍሰሻ ብሎን በየወሩ ከፍታችሁ ውሃውን አውጡ። በበርሜል የተቀዳ ናፍጣ ከሞላችሁ በየሳምንቱ። በብርጭቆ ተቀበሉት። ውሃው ከሥር፣ ናፍጣው ከላይ ሆኖ በግልጽ ይለያል። ናፍጣ ብቻ እስኪወርድ ድረስ ክፍት ተዉት።

በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ አንድ ጊዜ ኮሶዬ ድረስ ውጡና ተመለሱ። ማታ ቤት አቁሙት። በማግስቱ ጠዋት ሳታስነሱት የላይኛውን የራዲያተር ጎማ ጨበጥ አድርጉት።